ሦስተኛው ውሃ

ባን ቾልጉ የችሎቱ አዳራሽ በር ላይ መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ታክ ዮንሺም ጠበቃዋን አስከትላ ስትመጣ እያየ ንቅንቅ አላለም። ከእግር እስከ ራሷ ቃኛትና «አይ ጊዜ! የኔ ባልዲ ተሸካሚ ጠበቃ ይዛ መጣች!» አለ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

«የባልዲ ተሸካሚህን ላብ ሸጠህ አይደል ሆድህን ያሳደግከው? ዞር በል!» አለችው።

ሰባ ዓመት የሞላውን ሰውዬ፣ ያውም የድሮ አለቃዋን፣ «አንተ» ስትለው ጠበቃዋ ሶክ እስከ ጆሮው ቀላ። እሷ ግን ደስ አላት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስታመላልሰው የኖረችው ቃል ነበር፤ ወጣላት። በትከሻዋ ገፋ አድርጋው ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮንሺም ኦቻንግ ከተማ ውስጥ ሁለት ምድጃና ሠላሳ አንድ ሠራተኛ ያላት ትንሽ ፋብሪካ አለቻት። የምትሠራው ጥቁር ዱቄት ነው፤ ኒኬልና ሊቲየም አንድ ላይ ተቃጥሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ባትሪ ሆድ ውስጥ የሚገባ። የእሷ ዱቄት ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ስስ ቅርፊት አለ፤ ዓይን የማያየው፣ ትልቅ ማጉያ መሣሪያ ብቻ የሚያሳየው። ያ ቅርፊት ካለ ባትሪው አያብጥም፣ ቶሎም አይደክምም። ዮንሺም ቅርፊቱን በማጉያ አይታ፣ ከየት እንደመጣ ደርሳበት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት፣ አወጣችበት። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ ያልዋጧት በዚያ ወረቀት ምክንያት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከተሻረ በወሩ እነሱ ያንኑ ዱቄት በግማሽ ዋጋ ገበያ ያወጡታል፤ ሠላሳ አንዱም ሰው ቤቱ ይገባል።

ባን ደግሞ ሳይጠይቅ ሳያስፈቅድ ዱቄቱን መሥራት ጀመረ። አቁም ስትለው «ምኑን ነው የማቆመው? የራሴን?» አለና ዴጆን ያለው ፍርድ ቤት ድረስ መጥቶ ፓተንቷን ሻሩልኝ ብሎ ከሰሰ። ማስረጃው በሁለት ሺህ ስምንት በስሙ ያሳተመው የአሠራር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ስለ ቅርፊት አንዲት ቃል አይልም። ባን ቅርፊት የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ የት አባቱ ያውቃል!

ዮንሺምን እርር ድብን የሚያደርጋት ሌላ ነው። ያ ጽሑፍ ሲጻፍ ዱቄቱን በእጇ የምታጥበው እሷ ነበረች። ባን ፎቅ ላይ ተቀምጦ ጻፈ፤ የራሱን ስም ብቻ አሰፈረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ማጠቢያው ወርዶ «ውሃዬንም ጊዜዬንም ጨረስሽው፤ አንዴ ብቻ እያጠብሽ ልቀቂው» አላት። «አንዴ የታጠበ ዱቄት ቆሻሻ ነው፤ አላደርገውም» አለችው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት የላስቲክ ቦት ጫማዋን ግቢው ውስጥ ወርውሮ አባረራት። ጫማዋን ከጭቃ ላይ ለቅማ ስትወጣ እስከ በሩ የሸኛት ሰው አልነበረም። ፒዮ ኡንሺል እንኳ አልሸኘቻትም። ኡንሺል ከገጠር ስትመጣ ተቀብላ፣ አልጋዋን አካፍላ፣ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማረቻት ዮንሺም ነበረች።

እና ዛሬ ጠዋት የባን ምስክር ሆና የቀረበችው ማን ትሁን? ኡንሺል።

አንገቷን ደፍታ መሰከረች። ጽሑፉ ተሰጠኝ፣ እንደተጻፈው አሥር ጊዜ ሠራሁት፣ አለች። የባን ጠበቃ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ፈጣን ወጣት፣ አሥሩን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራ። አሥሩም ላይ ቅርፊቱ አለ። ሦስቱ ዳኞች ተያዩ።

ለምሳ ሲለቀቁ ከችሎቱ ጀርባ ዮንሺምና ሶክ ካልጉክሱ የሚባል የፓስታ ሾርባ ወደሚሸጥበት ቤት ገቡ። ሌላው ምግብ ቤት ዝግ ስለነበር ባንም ሰዎቹን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። «እዚያ ጥግ ላለችው ሴትዮ ኪምቺ ጨምሩላት፣ በእኔ ሂሳብ!» ብሎ ጮኸ። «ከነገ ወዲያ መግዣ አይኖራትም!» ሰዎቹ ሳቁ። ዮንሺም የመጣላትን ቀይ የጎመን ኪምቺ ሳትነካ ለአስተናጋጇ መለሰችው። ባን በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ እስኪወጣ ድረስም ቀና አላለችም።

«ይቺ ከሃዲ!» አለች ሲወጣ። «አሥር ጊዜ ትላለች! እጇን ቁርጥማት ይያዘውና!»

«ሥራ አስኪያጅ፣ ስድቡን ያቆዩትና ያድምጡኝ» አለ ሶክ። ሲበላ እንኳ ክራባቱን የማያላላ ትዕግስተኛ ሰው ነው። «ሕጉ እንዲህ ነው። ድሮ የታተመን አሠራር ማንም ሰው እንደተጻፈው ቢከተለውና ቅርፊቱ ሁልጊዜ የሚወጣ ከሆነ፣ ጸሐፊው አወቀው አላወቀው፣ ነገሩ ያኔም ነበረ ይባላል። የነበረን ነገር ደግሞ ፈጠርኩ ማለት አይቻልም። ግን ሁልጊዜ መሆን አለበት። ‹አንዳንዴ ይወጣል› አይበቃም። ጽሑፉን በትክክል ተከትሎ አንዴ እንኳ ቅርፊቱ ከቀረ የባን ክስ ውሃ አያነሳም።»

«ጽሑፉ እኮ ‹በውሃ ታጥቦ ተጣራ› ብቻ ነው የሚለው። ስንቴ እንደታጠበ አይልም። ሰውዬው በሕይወቱ ሩዝ አጥቦ አያውቅማ! ድሮ እናቱ አጠበችለት፣ ኋላ ሚስቱ። ማጠብ ቁጥር እንዳለው ከየት ያውቃል?»

«ቁጥር አለው እንዴ?» አለ ሶክ። እሱም ሩዝ አጥቦ አያውቅም።

«ሦስት ነዋ! የመጀመሪያው ውሃ ቶሎ ይደፋል፣ ሩዙ ሽታውን እንዳይጠጣው። ሁለተኛው በእጅ ይታሻል። ሦስተኛው ትንሽ ይቆያል፤ ውሃውም ለሾርባ ይቀመጣል። ማንም እናት እንደዚያ ነው የምታስተምረው። ዱቄቱንም እንደዚያው ነው ያጠብኩት፤ ሌላ ማጠብ አላውቅማ! ቅርፊቱ የሚይዘው ሦስተኛው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ነው። ይሄ ለእኔም የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።»

ሶክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ኡንሺልም ሦስቴ ነው ያጠበችው።»

«ከእኔ ሌላ ማን አስተማራት!»

«ጥሩ። ከሰዓት ስንቴ እንዳጠበች ብቻ ነው የምጠይቃት። ጽሑፉ ሦስት አይልም፤ በዚህ አንዱ በር ይዘጋል።» ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ በር ግን አለ፤ እነሱ እስካሁን አላዩትም። እርስዎ ባን ጋ እያሉ ያጠቡት ዱቄት ለባትሪ ፋብሪካ ተሽጧል። ሦስቴ ታጥቦ ከነበረ ያ ቅርፊት ያኔም ነበረበት። ፓተንቱ ከመውጣቱ በፊት ገበያ የወጣ ዕቃ ደግሞ እንደታተመ ጽሑፍ ነው፤ ፓተንትዎን ይገድለዋል። ገዢው ከየጭነቱ ናሙና አሽጎ አስቀምጧል። ፈልጉልኝ የሚል ከመጣ ከፍተው ያያሉ። ስለዚህ ያኔ ስንቴ ያጥቡ እንደነበር ዛሬ ከአፍዎ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። ቢሰድብዎትም።»

«ማለት፣ እኔው የሠራሁት ነው እኔን የሚከለክለኝ?»

«አዎ።»

«የማን ቀልድ ነው ይሄ!» አለች ዮንሺም።

ሶክ ሊከፍል ሲነሳ ኡንሺል ገባች። የባንን ፋብሪካ ጃኬት እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ጣቶቿን የማጠቢያው ውሃ በልቷቸው ተሰነጣጥቀዋል። የዮንሺምም ጣቶች እንደዚያው ናቸው።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?»

«እትዬ ብሎ ነገር የለም። ሂጂ ወደ ጌታሽ!»

«ግድ ሆኖብኝ ነው። ባን ‹እምቢ ካልሽ ውጪ› አለኝ፤ ልጆቹ ደግሞ ገና ትምህርት ላይ ናቸው...»

«እኔ ስባረር ልጅ አልነበረሽም። ያኔስ ምን ግድ ሆኖብሽ ነው አቀርቅረሽ የቀረሽው?»

የኡንሺል ዓይን እንባ አቀረረ። «ከሰዓት ደግሞ ሊጠይቁኝ ነው። አንቺን የሚጎዳ ነገር እንዳልናገር ፈርቻለሁ። የቱን ብናገር፣ የቱን ብተው እንደሚሻል ንገሪኝ። እባክሽ እትዬ።»

ዮንሺም ቀና ብላ አየቻት። «የድሮውን አታንሺ» ብትላት ይበቃ ነበር። አላለቻትም። አሥራ አራት ዓመት የከረመ ቂም ጆሮም ልብም ይደፍናል፤ የሴትየዋ እንባ ለእሷ የባን ተንኮል ሆኖ ነው የታያት።

«ለባን የምትይውን በይ! ከእኔ ጋር ወሬ የለሽም!» ብላ ጮኸችባት። በላተኛው ሁሉ ዞረ። ኡንሺል እጅ ነስታ ወጣች።

ከሰዓት ሶክ እንዳለው ሆነ።

«ወይዘሮ ፒዮ፣ ዱቄቱን ስንቴ አጠቡት?»

«ሦስቴ።»

«ጽሑፉ ስንቴ ይላል?»

«ታጠበ ነው የሚለው።»

«አንዴ ብቻ ያጠቡበት ጊዜስ አለ?»

ኡንሺል ባንን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «አለ። አንድ ቀን ቸኩዬ አንዴ ብቻ አጥቤ አጣራሁት። ያኛው ቅርፊት አልነበረውም። ለአቶ ባን ስነግራቸው ‹እሱን ተይው፣ አትቁጠሪው› አሉኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢዋ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው የባን ጠበቃ ላይ አፈጠጡ፤ ወጣቱ ወረቀቱ ውስጥ ተደበቀ። ዮንሺም ጠረጴዛው ሥር እጇን ጨበጠች። እሰይ! የእጁን አገኘ!

ባን ግን መሸነፍ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ጠበቃው እጅጌውን ቢጎትተውም ተነሳ።

«እኔ ላስረዳ! ማጠብ ማለት ሦስቴ ማጠብ ነው፤ ይሄ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው! ለጽሑፉ የሠራሁትን ላብራቶሪ ውስጥ በገዛ እጄ ሦስቴ አጥቤዋለሁ!»

«ጽሑፉ ላይ አልሰፈረም፣ አቶ ባን» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የሚሰፍር ነገር ስላልሆነ ነዋ! አንዴ የሚያጥበው ሰነፍ ብቻ ነው!» ጣቱን ወደ ዮንሺም ቀሰረ። «እንደ እሷ ያለች! እኔ ጋ ስትሠራ አንዴ ለቅለቅ አድርጋ ነበር የምትለቀው። በእሷ ምክንያት ዕቃ ተመልሶብኛል! በደንበኞቼ ፊት ተዋርጃለሁ! ያባረርኳትም ለዚሁ ነው። እንኳን የባትሪ ዱቄት፣ የገዛ እግሯን በወጉ ታጥባ አታውቅም!»

የዮንሺም ደም ፈላ። ዕቃው የተመለሰው እሷ ከሄደች በኋላ፣ አንዴ ብቻ ማጠብ ሲጀምሩ እንደሆነ ኦቻንግ ያለ የምድጃ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ብድግ ልትል ስትል ሶክ ክንዷን ያዛት።

«ይስደብ» አላት በጆሮዋ። «አንዴ ነው ያጠበችው እያለ ነው እኮ። ሁለተኛውን በር በገዛ እጁ እየቆለፈልን ነው። ዝም ይበሉ።»

«ወይዘሮ ታክ፣ የሚሰጡት መልስ አለ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው አለ፣ አለች በልቧ። ሠላሳ አንድ ሰው። መልሷን ዋጠችው።

«የለኝም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ባን በእርካታ ተቀመጠ። «አያችሁ? ዝምታ መስማማት ነው።»

ያን ጊዜ ነው ኡንሺል ከምስክር ወንበሯ ብድግ ያለችው።

«ውሸት ነው!» አለች። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር። «እትዬ ዮንሺም አንድም ቀን አንዴ አጥባ አታውቅም! ሦስቴ ነው፤ ሁልጊዜ ሦስቴ! እጄን ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያባረሯትም ‹አንዴ ብቻ አላጥብም› ስላለች ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ! ያኔ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም፤ ከፈለጉ ያባሩኝ!»

ይህን ብላ ወደ ዮንሺም ዞረች። እንባዋ እየወረደ ፊቷ በርቷል። ይኸው፣ ዘግይቼም ቢሆን ሸኘሁሽ የምትል ትመስል ነበር።

ሶክ ዓይኑን ጨፈነ። የባን ወጣት ጠበቃ ደግሞ ከወረቀቱ ቀና አለ። ከአለቃው ቀድሞ ገብቶታል፤ ሊጮህ የተነሳውን ባንን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ወይዘሮ ፒዮ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «ሦስቴ ማጠብ የተጀመረው መቼ ነው?»

«ገና ከመጀመሪያው ነዋ! እኔ በሁለት ሺህ ሰባት ስቀጠር እትዬ እንደዚያ ነበር የምታጥበው።»

«ያ እሷ ያጠበችው ዱቄት ምን ሆነ?»

«ተሸጠ እንጂ! በየሳምንቱ በመኪና እየተጫነ ይሄድ ነበር። የእሷ አንድም ጊዜ አልተመለሰም!» አለች ኡንሺል፣ በኩራት።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ወይዘሮ ታክ፣ ቀደም ሲል መልስ የለኝም ብለዋል። አሁን ምስክሯ ያሉት እውነት ነው?»

ሶክ ወረቀት ላይ «አላስታውስም ይበሉ» ብሎ ጽፎ ወደ እሷ ገፋው። ዮንሺም አነበበችው። አላስታውስም ብትል በሩ እንደተዘጋ ይቀር ይሆናል። ኡንሺል ግን በአንድ ወገን ባን፣ በሌላ ወገን እሷ «ውሸታም» ብለዋት፣ እዚያ ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ብቻ መቅረት ምን እንደሚመስል ዮንሺም ታውቀዋለች። ምነው ያኔ ባደረግሽው! ምነው ዛሬ ባላደረግሽው! አለች በሆዷ። ልትመታት አማራት፤ ልታቅፋትም አማራት።

«እውነት ነው» አለች። «ሦስቴ ነው ያጠብኩት። በቀን አርባ ባልዲ፣ ክረምት ከበጋ፣ እጄ እስኪላጥ። አንዴ ብቻ አጥቤ የለቀቅኩት ዱቄት የለም። እንዲህ ብላ ተናገረች ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ተጻፈ። ለዚያች ደቂቃ ደረቷ ሰፍቶ፣ ያ ጭቃ የነካው ጫማ፣ ያ የግቢው ውርደት ሁሉ ከላይዋ የወረደ መሰላት። ከዚያ ተቀመጠች። ወጣቱ ጠበቃ ገዢው ዘንድ የታሸገው ናሙና ቀርቦ ይከፈትልን ብሎ እየጠየቀ ነበር። ዳኞቹ ፈቀዱ።

«ይከፈታል፤ ቅርፊቱም ይገኛል» አለ ሶክ ብዕሩን እየከደነ። «አለቀልን፣ ሥራ አስኪያጅ።»

ሲወጡ ባን በሩ ላይ ጠበቃት። አሁን መንገድ አልዘጋም፤ እንዲያውም በሩን ይዞላታል።

«ታውቂያለሽ፣ ዮንሺም» አለ፤ እንደ ወዳጅ ረጋ ብሎ። «እኔ ጋ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ አንዴ ብቻ ብታጥቢ ኖሮ፣ ዛሬ ፓተንቱ ያንቺ ነበር።»

ዮንሺም በሩን ከእጁ ነጥቃ አለፈች። የሚያቃጥለውም ነገር፣ ሰውዬው በዕድሜው አንዴ እውነት መናገሩ ነበር።

ኡንሺል ከኋላቸው መጥታ ሰምታለች። «እትዬ፣ ምን ማለቱ ነው?» አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን አደረግኩ?»

«ምንም አላደረግሽም!» ብላ ዮንሺም ጮኸችባት። «ምን ይገትርሻል? ነይ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ!»

ገና ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጡ ስልክ ተደወለ። የምድጃ ክፍሉ ኃላፊ ጉክ ነው፤ ድምፁ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ተሰማ። ከኋላው የሌሎቹ ሠራተኞች ጫጫታ ይሰማል፤ ሥራ አቁመው ከበውታል።

«ሥራ አስኪያጅ፣ እንዴት ሆነ?»

«ተሸነፍን።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ጉክ። «ማን ነው የጣለን? ያቺ ኡንሺል የሚሏት ናት አይደል? እሷ ናት!»

ኡንሺል አጠገቧ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አይደለችም» አለች ዮንሺም። «እኔ ነኝ።»

ከጉክ ኋላ የሠራተኞቹ ጫጫታ ከፍ አለ።

«ማንም እንዳይሄድ ንገራቸው» አለችው። «መጥቼ እኔው አስረዳቸዋለሁ።» ስልኩን ዘግታ መኪናውን አስነሳች።